የቆመች ክላሲክ ስፖርት መኪና፦ እንዳለች ልሽጣት፣ አሳድሼ ልሽጣት ወይስ ፈታትቼ?

መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ከቆመች አሥራ አምስት ዓመት አልፏታል። ጎማዎቿ ተኝተዋል። ሸራዋ ላይ አቧራ ተጋግሯል። ከሞተሩ ስር የተንጠባጠበው ዘይት ደርቆ ጥቁር ክብ ሠርቷል። አንድ ጊዜ «አሳድሳታለሁ» ተብሎ ነበር። ከዚያ ሥራ መጣ፣ ልጅ መጣ፣ ሌላ ወጪ መጣ። አሁን መሸጥ አለባት።

«ልሸጣት ነው» ባላችሁበት ቅጽበት ምክር ይዘንባል። አንዱ «ቀለም ቀብተህ ሽጣት» ይላል። ሌላው «እንዳትነካት፣ አቧራዋ ራሱ ዋጋ አለው» ይላል። ሦስተኛው «በመለዋወጫ በትናት፣ እጥፍ ታገኛለህ» ይላል። የሚገርመው፣ ሦስቱም ለአንዳንድ መኪና እውነት ነው። የትኛው ምክር ለየትኛው መኪና እንደሚሆን ግን የሚነግራችሁ የለም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ብዙ ባለቤት መኪናዋን ለማሳመር ገንዘብ ያወጣል። ገዢ ግን የሚከፍለው ጥርጣሬውን ለሚያቃልልለት ነገር ነው፦ ለወረቀት፣ ለቁጥር፣ ለግልጽ ፎቶ፣ በእጅ ለሚዞር ሞተር። እነዚህ ርካሽ ናቸው። ቀለም ውድ ነው። ያውም በአሮጌ መኪና ላይ አዲስ ቀለም ያየ ገዢ መጀመሪያ የሚለው «ከስሩ ምን ሸፈኑ?» ነው።

በምን እንመዝን?

አንደኛው መመዘኛ መጨረሻ ላይ እጃችሁ የሚገባው ገንዘብ ነው፤ የተጠራው ዋጋ አይደለም። ለስሌት እንዲመች የመኪናዋን ዋጋ 100 እንበል። ነጋዴ 70 ቢሰጣችሁ፣ ያው 70 ነው፤ ዛሬውኑ። ለግለሰብ 100 ብትሸጡና አራት ወር ቢፈጅ፣ የማቆሚያ ኪራይና ማስታወቂያ 6 ቢበላ፣ 94 ይቀራል። ጨረታ ላይ 115 ብታወጣ፣ 10 በመቶ ኮሚሽን 11.5 ይወስዳል። ማጓጓዣና ፎቶ 7 ቢሆን፣ የሚቀረው 96.5 ነው። ሲጠሩ የ15 ልዩነት የነበረው እጅ ላይ ሲደርስ 2.5 ሆነ። ይህን ሒሳብ በራሳችሁ ቁጥር ሳትሠሩ ምንም አትወስኑ።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ቤት የምትለቁ ከሆነ ወይም ውርስ መካፈል ካለ፣ ጊዜ ከገንዘብ ይበልጣል። ሦስተኛው ከሽያጩ በፊት ከኪስ የሚወጣው ነው። አራተኛው ከሽያጩ በኋላ የሚመጣ ጣጣ፦ ገዢው ተመልሶ «አታለልከኝ» የሚልበት ዕድል። አምስተኛው የመኪናዋ ዕጣ ነው። እንደ መኪና ትኖራለች ወይስ ትበተናለች? ይህ የስሜት ጉዳይ ነው የሚል አለ። ከአባት የወረሳት ሰው ግን ስሜቱን ከሒሳቡ ውጭ ማድረግ አይችልም፤ ባያደርግም እደግፈዋለሁ።

እጃችሁ ላይ ያለችው ምን ዓይነት ናት?

አማራጭ ከመምረጥ በፊት ይህ መለየት አለበት። የእንግሊዟ ስፖርት መኪና ኤምጂቢ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ከ500,000 በላይ ተመርታለች። ሙሉ የአካል ላሜራዋ እንኳ እንደ አዲስ ይሠራል። ስለዚህ ገዢው አማራጭ አለው፤ የናንተን የዛገች መኪና ትቶ የተሻለች ይፈልጋል። በሌላው ጫፍ መርሴዲስ 300 ኤስኤል አለች፤ በሮቿ ወደ ላይ የሚከፈቱት። ከ1954 እስከ 1957 የተሠሩት 1,400 ብቻ ናቸው። ከነዚህ አንዷ በምንም ሁኔታ ብትገኝ ገዢ አታጣም።

ሰዎችን የሚያሳስቱት እንደነዚህ ያሉ ብርቅ መኪኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 ፓሪስ ውስጥ አርትኩሪያል የተባለው ጨረታ ቤት ለአሥርተ ዓመታት በየመጋዘኑ ተረስተው የኖሩ መኪኖችን ሸጠ። ከመካከላቸው የመጽሔት ክምር ተጭኖባት የተገኘች ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ ስፓይደር ነበረች። ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አወጣች። በ2023 ደግሞ ተቃጥሎ ተጨማዶ የቀረ የፌራሪ 500 ሞንዲያል አካል በ1.875 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ዜናውን ያነበበ ሰው ጋራዡ ውስጥ ያለችውንም በዚያ ዓይን ያያል። እነዚያ መኪኖች ግን የተሸጡት ስለተጎሳቆሉ አይደለም። ብርቅ ስለሆኑና ማንነታቸው በሰነድ ስለተረጋገጠ ነው። አቧራ ብርቅ የሆነችን መኪና ታሪክ ያደምቃል። ተራዋን መኪና ግን አቧራ አይቀይራትም።

የራሳችሁን ለመለየት ቁጥሮቹን ፈልጉ። የሻንሲ ቁጥሩ፣ የሞተሩ ቁጥር፣ ካለ የካምቢዮው ቁጥር። ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት ሞተር አሁንም አብሯት ካለ ዋጋዋ በግልጽ ይጨምራል። ይህን በወረቀት ማረጋገጥ ይቻላል። ለጃጓር የጃጓር ዳይምለር ሄሪቴጅ ትረስት፣ ለኤምጂና ለኦስቲን ሂሊ እንግሊዝ ጌይደን ያለው የብሪታንያ የሞተር ሙዚየም፣ ለአልፋ ሮሜዮ ጣሊያን አሬዜ ያለው የሰነድ ማዕከል ከፋብሪካ መዝገብ ተነስተው ምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ከሽያጩ በፊት ከምታወጡት ወጪ ሁሉ የተሻለ ዋጋ የሚመልሰው ይህ ይመስለኛል።

ከዚያ ዝገቱ። ሞተር ይጠገናል፤ የተበላ ላሜራ ግን ኪስ ያራቁታል። ዓመተ ምርቷም ይናገራል። ለምሳሌ ፖርሼ 911 ከ1976 ሞዴል ጀምሮ አካሏ ዚንክ የተቀባ ላሜራ ስለሆነ ዝገትን የተሻለ ይቋቋማል። ከዚያ በፊት የነበሩትን ገዢው ከስር ሳያይ አይገዛም።

ልምድ ያለው ገዢ እንዴት እንደሚያይ ልንገራችሁ። ኪሱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት አለች። ቀለሙን ሳይሆን ከበሩ ስር በርዝመት የሚሄደውን ላሜራ ነው የሚፈልገው። ተንበርክኮ ማግኔቷን ያስጠጋል። ጠቅ ብላ ትይዛለች። አንድ ስንዝር ወደ ኋላ፣ ጠቅ። ሌላ ስንዝር፣ አሁን ተንሸራተተች። እዚያ ብረት የለም፤ ስቱኮ ነው። ምንም ሳይናገር ይነሳል፣ እጁን ያራግፋል፣ በልቡ የያዘውን ዋጋ ይቀንሳል። ያንን ቦታ ቀድማችሁ እናንተ ብታሳዩት ኖሮ ዋጋ የሚቀንሰው ለዚያ ቦታ ብቻ ነበር። ራሱ ሲያገኘው ግን ላላያቸው ቦታዎችም ይቀንሳል።

ጥያቄው ሁለት ነው

ሰው ግራ የሚጋባው ሁለት ጥያቄ አምታቶ ነው። አንዱ «በምን ሁኔታ ልሽጣት?» የሚለው ነው። ሌላው «በማን በኩል?» የሚለው። ለየብቻ እንያቸው።

እንዳለች መሸጥ

ከኪስ የሚወጣው ትንሽ ነው። ጊዜም አይፈጅም። አደጋው በርካሽ መሄዷ ነው፤ የሚከሰተውም ብዙ ጊዜ በአቀራረብ ስህተት ነው። ግማሽ ጨለማ ጋራዥ ውስጥ የተነሳ አራት ፎቶ፣ «ትንሽ ሥራ ትፈልጋለች» የሚል ጽሑፍ። ያንን ያየ ገዢ የሚያስበው የከፋውን ነው።

በትክክል ከተሠራ ግን ለብዙ ሰው የሚሻለው ይሄ ይመስለኛል። መጀመሪያ እንደተገኘች፣ ከነአቧራዋ ፎቶ አንሷት። ከዚያ አስወጥታችሁ እጠቧት፣ እንደገና አንሷት። ከስር፣ ከኮፈኑ ውስጥ፣ ከምንጣፉ ስር፣ ቁጥሮቹን፣ የተበሱትን ቦታዎች፣ የጎደለውን ሁሉ። ሃምሳ ፎቶ አይበዛም። በክሪክ ስታነሷት ተጠንቀቁ። ዝገት የበላው የታች ላሜራ ክሪኩን አይሸከምም፤ ስር ያለ ሰው ላይ ሊወርድ ይችላል።

አንቅቶ መሸጥ

ይህ በሁለቱ መካከል ያለ መንገድ ነው፤ ብዙ ሰውም ይዘለዋል። ማደስ አይደለም፣ ማንቃት ነው። ገዢ ዘንድ ሦስት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች አሉ፦ «ሞተሩ በእጅ ይዞራል»፣ «ሞተሩ ይነሳል»፣ «መኪናዋ ትሄዳለች፣ ፍሬን ትይዛለች»። እያንዳንዱ የራሱ ዋጋ አለው። ከዝምታ ወደ መጀመሪያው መውጣት ምንም ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ወደ ሁለተኛው መውጣት መጠነኛ ነው። ሦስተኛው ላይ ወጪው በድንገት ይዘላል፤ ፍሬኑ በሙሉ፣ ጎማው፣ ጎሚኒው ሁሉ ይመጣል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቁልፍ ገብቶ በባትሪ «እስቲ እንሞክር» አይባልም። ለዓመታት የቆመ ሲሊንደር ውስጥ ዝገት ካለ፣ በአንዱ ሙከራ ሊጠገን የሚችለው ሞተር ይበላሻል። ካንዴላዎቹ ይወጣሉ። በየቀዳዳው ጥቂት ቀጭን ዘይት ይንቆረቆራል። ጥቂት ቀን ይተዋል። ከዚያ ከሞተሩ ፊት ባለው ትልቅ ቡሎን ላይ ቁልፍ ተደርጎ በእጅ፣ ቀስ ተብሎ ይሞከራል። ካልዞረ አታስገድዱት። ከዞረ ቪዲዮ ቅረጹ። ያቺ የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ከማንኛውም ገለጻ በላይ ትናገራለች።

ለማስነሳት ከወሰናችሁ አሮጌውን ቤንዚን መጀመሪያ አፍስሱ። ለዓመታት የቆየ ቤንዚን ወደ ሙጫ ይቀየራል፤ ሽታው ራሱ ያረጀ ቫርኒሽ ይመስላል። ያ ካርቡራተር ውስጥ ከገባ ሌላ ሥራ ነው። እንደ ፊያት 124 ስፓይደር ሞተሯ በጎማ ቀበቶ የሚሠራ ከሆነች፣ ቀበቶው ሳይቀየር አታስነሷት። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ።

ገደባችሁን ቀድማችሁ ወስኑ። «ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ብቻ» ብሎ የጀመረ ሰው ፍሬኑን ሲያይ፣ ከፍሬኑ ወደ መሪው፣ ከመሪው ወደ ላሜራው ይሄዳል። ሳያውቀው ማደስ ጀምሯል።

አሳድሶ መሸጥ

እዚህ ላይ ቆጣ እላለሁ፤ ብዙ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ። የእድሳት ወጪ የመኪናዋን ስም አይጠይቅም። ባትላሜራው ለኤምጂቢ የሚያስከፍለው ሰዓት ከሷ እጅግ ውድ ለሆነችው ጃጓር ኢ-ታይፕ ከሚያስከፍለው ብዙ አይርቅም። ክሮሙ፣ ታፒሰሪው፣ ቀለሙም እንዲሁ። ታድሰው ሲወጡ ግን ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የተሟላ እድሳት በባለሙያ እጅ ከ1,000 ሰዓት በላይ መብላቱ የተለመደ ነው። እንዳለች 20 የምታወጣ መኪና ላይ 80 አውጥታችሁ በ75 ብትሸጡ፣ ከእጃችሁ የሄደው 5 ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው 20ም አብሮ ሄዷል።

አሳድሶ መሸጥ የሚያዋጣው ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ታድሳ ስትወጣ በጣም ውድ የምትሆን መኪና ያለው። ሌላው አብዛኛውን ሥራ በገዛ እጁ የሚሠራና ሰዓቱን የማይቆጥር።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጀምሮ መተው ነው። ተፈታትታ ካርቶን ውስጥ ያለች መኪና፣ ሳትፈታ ዝጋ ከቆመችው በታች ትሸጣለች። ምን እንደጎደለ ማንም አያውቅማ። እዚህ ደረጃ ላይ ከሆናችሁ፣ ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ቅዳሜና እሁድ መድቡ። እያንዳንዱን ዕቃ በላስቲክ አድርጋችሁ ስም ጻፉበት፣ ወለል ላይ ደርድራችሁ ፎቶ አንሱ፣ ዝርዝር አውጡ።

ፈታትቶ በመለዋወጫ መሸጥ

ወረቀቱ ላይ ሲደመር ትልቁን ቁጥር የሚሰጠው ይህ ነው። በተግባር ግን ጥሩ ጥሩው በሁለት ሳምንት ያልቃል። ኦቨርድራይቭ (ለረጅም መንገድ የሚሆን ተጨማሪ ማርሽ) ያለው ካምቢዮ፣ የሽቦ ቸርኬ፣ ጠንካራው ጣሪያ፣ የዳሽቦርዱ ሰዓቶች ይሄዳሉ። ከዚያ ማንም የማይፈልገው አካል፣ ሃምሳ ትናንሽ ዕቃና ለወራት የማያባራ ስልክ ይቀራሉ። ቦታ፣ መሣሪያና ዕቃ ጠቅልሎ የመላክ ትዕግሥት ያለው ያዋጣዋል። አካሏ ከጥገና በላይ ለሆነና በብዛት ለተመረተች መኪና እቀበለዋለሁ። ለብርቅ መኪና ግን አይደረግም፤ ተመልሳ አትመጣም።

አንድ ነገር ግን በምንም መንገድ አታድርጉ። የሻንሲ ቁጥሩን ሰሌዳና ሊብሬውን ለብቻ አትሽጡ። የሚፈልጉት ሰዎች ሌላ መኪና ላይ ሊለጥፉት ነው። ያቺ መኪና የተሰረቀች ብትሆን ፈለጉ የሚመራው ወደ እናንተ ነው።

በማን በኩል?

*ለግለሰብ።* ጥሩው ገዢ መኪናዋን ቀድሞ የሚያውቃት ነው። የዚያች መኪና ክለብ አባል፣ ወይም ያንኑ ሞዴል ብቻ የሚሠራ ጋራዥ። ዝገቱን አይቶ አይደነግጥም፤ ከናንተ ይልቅ ያውቀዋል። ሰፊው ማስታወቂያ ላይ ግን ዋጋ ጠይቀው የሚጠፉ ብዙ ናቸው። ቀብድ ያልከፈለ ሰው ቃል ላይ ሌላ ገዢ አትመልሱ።

*ለነጋዴ።* ፈጣንና ቀላል ነው። ዝቅ አድርጎ መግዛቱ ክፋት አይደለም፤ የማሳደሱ አደጋ የሱ ይሆናል። ሦስት ነጋዴ ሳትጠይቁ ግን አትሽጡ። የመጀመሪያው ዋጋ ብዙ ጊዜ መሞከሪያ ነው።

*በአደራ ሽያጭ።* ነጋዴው እሱ ጋር አቁሞ ይሸጥላችኋል፣ ኮሚሽን ይወስዳል። ለታደሰች መኪና ጥሩ ነው። ለቆመች መኪና ግን አንድ ጋራዥ ለቃ ሌላ ጋራዥ ጥግ ላይ መቆም ሊሆን ይችላል። ውሉ ላይ የጊዜ ገደብ ይግባ።

*በጨረታ ቤት።* ለብርቅ መኪና ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው። የሚፎካከሩት ገዢዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ይገናኛሉ። ለተራ መኪና ግን ኮሚሽኑ፣ የካታሎግ ክፍያውና ማጓጓዣው ትርፉን ይበሉታል። ሌላም አለ። ሳትሸጥ ከተመለሰች የቀረበላት ከፍተኛ ዋጋ በይፋ ታውቋል። ቀጣዩ ገዢ ያንን ቁጥር ይዞ ይመጣል። «ከዚህ በታች አልሸጥም» የምትሉትን ዋጋ ስታስቀምጡ ይህን አስቡ።

*በኢንተርኔት ጨረታ።* መኪናዋ ካለችበት ሳትንቀሳቀስ ሩቅ ያለ ገዢ ያገኛታል፤ ማጓጓዣው ብዙውን ጊዜ የሱ ነው። በአንዳንዶቹ ዋናውን ክፍያ የሚሸፍነው ገዢው ስለሆነ ሻጩ ላይ የሚቀነሰው ትንሽ ነው። በምላሹ ሥራ ይጠይቃሉ። ብዙ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ጨረታው እስኪዘጋ ለሚመጣ ጥያቄ በየቀኑ መልስ። ዝም ያለ ሻጭ መኪና ዋጋው ሲወድቅ ይታያል። ለመካከለኛ መኪና፣ በተለይ ለነቃች፣ እኔ የማደላው ለዚህ ነው።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | እጅ የሚገባ | ጊዜ | ቀድሞ የሚወጣ | የኋላ ጣጣ | ለማን? |
|---|---|---|---|---|---|
| እንዳለች፣ ለነጋዴ | ዝቅተኛ | ቀናት | የለም ማለት ይቻላል | ትንሽ | ቦታ ለሚለቅ፣ ለሚቸኩል |
| እንዳለች፣ ለግለሰብ | መካከለኛ | ሳምንታት እስከ ወራት | ትንሽ | መካከለኛ | ክለብ ወይም ባለሙያ ለሚያውቅ |
| የነቃች፣ በኢንተርኔት ጨረታ | መካከለኛ እስከ ጥሩ | ከ1 እስከ 3 ወር | መጠነኛ | ሁሉም ከታየ ትንሽ | ፎቶና መልስ ለማይሰለቸው |
| ሳትነካ፣ በጨረታ ቤት | ለብርቅ መኪና ከፍተኛ | ወራት | ማጓጓዣና ክፍያ | ትንሽ | ብርቅና ሰነድ ላላት |
| የታደሰች | ብዙ ጊዜ ኪሳራ | ዓመታት | እጅግ ከባድ | ከባድ | በእጁ ለሚሠራ |
| በመለዋወጫ | በወረቀት ከፍተኛ | ከወራት በላይ | መሣሪያና ቦታ | ብዙ ትናንሽ ክርክር | አካሏ ላለቀ |

እንደ ሁኔታችሁ

በዚህ ወር ቦታ መልቀቅ ካለባችሁ፣ ሦስት ነጋዴና አንድ የሞዴሉ ባለሙያ ዋጋ ጠይቁ። ከአራቱ የተሻለውን ተቀበሉ። ለተጨማሪ 10 በመቶ ብላችሁ የሦስት ወር ኪራይ አትክፈሉ።

ጊዜ ካላችሁ፣ ገንዘብ ግን ከሌላችሁ፣ ፎቶውን፣ ወረቀቱንና ሞተሩን በእጅ ማዞሩን ሥሩ። ከዚያ ለክለብ ሰዎች አቅርቡ።

ትንሽ ገንዘብም ጊዜም ካላችሁ አንቁና በኢንተርኔት ጨረታ ሽጡ።

የወረሳችኋት ከሆነ፣ መጀመሪያ ስሙን አዙሩ። ወራሾች ተስማምተው ይፈርሙ። አሮጌ ደረሰኞችን፣ የአገልግሎት መጽሐፏን፣ ሟቹ ከጎኗ ቆመው የተነሱትን ፎቶ እንኳ አትጣሉ። ለገዢው የመኪናዋ ታሪክ ናቸው፤ እናንተ ግን ኮፒ ያዙ።

ብርቅ ናት ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ አትጠቧት፣ አታንቋት፣ ለነጋዴም አትደውሉ። ቁጥሮቹን ጽፋችሁ ቢያንስ ለሁለት ጨረታ ቤቶች ላኩ። የመጀመሪያ ግምት በነጻ የሚሰጡ ብዙ ናቸው።

ርክክቡ ላይ

ውሉ ላይ «አሁን ባለችበት ሁኔታ» የሚል ይግባ። ያ ብቻ ግን አይበቃም። እያወቁ የደበቁትን ጉድለት ይህ ሐረግ በብዙ አገር አያድንም። የምታውቁትን ጉድለት በዝርዝር ጻፉና ገዢው ይፈርምበት፦ የተበላው ወለል፣ የማይሠራው ፍሬን፣ ኦርጅናል ያልሆነው ሞተር። ይህ ወረቀት የሚጠብቀው እናንተን ነው።

ከዋጋው በላይ ልኮ «ትርፉን ለአጓጓዡ ስጡልኝ» ከሚል ገዢ ራቁ። የታወቀ ማጭበርበር ነው። የክፍያ ማረጋገጫ ፎቶም ክፍያ አይደለም። ባንካችሁን ራሳችሁ ጠይቃችሁ ገንዘቡ መግባቱን ሳታረጋግጡ ሎቤዱ አይነሳ።

መኪናዋ ተጭና ከመሄዷ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ከውሉ ጋር ከገዢው ጋር ሆናችሁ ቁጥር በቁጥር አንብቡ። ካርቶኖቹን በዝርዝሩ መሠረት አስረክቡ። ቁልፉን፣ መለዋወጫ ቁልፉንም ስጡ። የባለቤትነት ዝውውሩን በዚያው ሳምንት አስመዝግቡ፤ ታርጋዋ በስማችሁ እያለ ሌላ ሰው እንዳይነዳት።